ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሃያ

ማኅበሩ ፈረሰ፤ ጀልባዋ ተሸጠች፣
ሞተሯ ለብቻው፣ እሷም ለብቻዋ ሄደች።
የመጋዘኑ ቁልፍ ለሃርለንዚል መንደር ተመልሷል፣
ግድግዳው ላይ የነበረው ሰዓት እንኳ ወርዷል።
ድረ ገጹ ብቻ፣ መርዶ ሳይነግረው ማንም ሰው፣
«እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል ደጁን ለረገጠው።
«ባሕር ላይ ከተቸገራችሁ ደውሉ፣ ሌት ተቀን አለን» ይላል፤
ስልኩ ከተቋረጠ ግን ሰባት ወር አልፎታል።

የሰርቨሩ ኪራይ የተከፈለው እስከ ሐሙስ ነው፤
ከሐሙስ ስድስት ሰዓት ሌሊት ወዲያ ነጭ ገጽ ነው የሚቀረው።

ዊብከ፣ ኦልደንቡርግ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ሥራዋ፣ ማኅበር ሲሞት ገጹ አብሮት እንዳይወድቅ።
እንደ ዕድር መዝገብ በሉት፣ ዕድርተኛው ካለቀ በኋላ፣
ቀባሪም ተቀባሪም ሄዶ ስሙ ብቻ ሲቀር ለሌላ።
በዚህ ወር ብቻ አርባ አንድ ናቸው፦
ርግብ አርቢዎች፣ መስማት የተሳናቸው የቼዝ ክበብ፣
ሌሎችም፤ አብዛኞቹ «በቅርቡ እንመለሳለን» ብለው የሄዱ።

ሐሙስ ከሰዓት ፕሮግራሙን ለቀቀችው፤ ከገጽ ወደ ገጽ ይሄዳል፣
በር ያለበትን ያንኳኳል፣ ያገኘውን ሁሉ ይቀዳል፤
የሁለት ሺህ ዘጠኝን የባሕር ሙላት ሠንጠረዥ፣
የሾርባ ምሽት ፎቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የወጣ ገንዘብ ያዥ፣
ከዚያ «ባሕር ያስቀራቸው» የሚል ገጽ፦
አሥራ አንድ ስም። ከስሞቹ ሥር ምንም።

ለማሳየት ግን ሕጉ ፈቃድ ይላል፤ ደወለች ለመጨረሻው ጸሐፊ፣
ቲያርክ ሃርምስ፣ ሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ትንፋሹ በየቃሉ አራፊ።
«ውሰጂው» አላት፤ «ሁሉንም። አንድ ነገር ብቻ አርሚልኝ፤
ሰባተኛው ስም ላይ ነው፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያስጨነቀኝ።
ኦኖ ነበር ልጁ። ኦቶ ተብሎ ተጻፈ።
እናቱ በየገናው ትደውል ነበር። እሷም አለፈች፣ ጊዜውም አለፈ።»

(በእነሱ ፊደል ጥፋቱ ሁለት ነው፤ በእኔ አንዲት ናት፣
በኖ ወንበር ላይ ቶ የተቀመጠችበት።)

«ለምን አላረማችሁትም?»
«የኮምፒውተሩ ልጅ ሃምቡርግ ገባ፣
እኛም ነገ ነገ ስንል፣ ስብሰባ በስብሰባ፣
ነገ የሚባለው አለቀብን።»

«አልችልም» አለች ዊብከ፤ «እጄን እንዳስገባ አልተፈቀደልኝም፣
የተገኘው እንደተገኘ ነው፣ ጉድፍም ቢሆን አልጠርግም።
ዛሬ ፊደል ካረምሁ ነገ ምን እንደማርም አላውቅም፤
እኔ ጠባቂ ነኝ እንጂ…» የቀረው ቃል አልመጣላትም።

ዝም።
ከስልኩ ማዶ የመሳቢያ ድምፅ፣ የወረቀት ኮሽታ።
«የይለፍ ቃሉ እዚህ ነው፣ መድኃኒቴን ከምመዘግብበት ቦታ።
ገጹ እስከ ስድስት ሰዓት የእኛው ነው፣ አይደል?»
«የእናንተው ነው።»
«እንግዲያ ስልኩን አትዝጊ።»

ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ አንዴ የመጨረሻውን ቁጥር ዘንግቶ፣
አንዴ መነጽሩን ሌላ ክፍል ረስቶ።
እሷም መብራቱ በረገበ ፎቅ ካፖርቷን ደርባ ጠበቀች፤
የጽዳት ሠራተኛዋ «ቤት የለሽም እንዴ?» ብላ አለፈች።
ገጹን ታድሳለች፤ ኦቶ።
ታድሳለች፤ ኦቶ።
የሰውዬው ትንፋሽ በስልኩ ይሰማል፣ አንድ ጣት ቁልፍ እየፈለገ።
ታድሳለች፤
ኦኖ።

ደግማ ቀዳችው፤ ለአንዲት ፊደል ብላ ሁሉን እንደ አዲስ፣
ከባሕር ሙላቱ አንሥቶ ዓይኑን እስከጨፈነው ሰውዬ ድረስ።
አሁን መዝገቡ ላይ ሁለት ናቸው፦ የዐሥር ሰዓቱና የምሽቱ።
አልተደበቀም፣ አልተፋቀም፤ ከነእርማቱ ነው ስሕተቱ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ነጩ ገጽ መጣ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ድሮ፣ በማዕበል ሌሊት፣
ጀልባዋ ወጥታ ስትቆይ፣ ከየቤቱ ወደ ወደቡ ሲደወል
የሚጠየቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው እሱኑ አነሣ፦
«ገባ?»
«ገባ» አለችው።